ጂኖም እንደ ታሪክ ሰነድ፦ የሞታ ዋሻው ሰው ምስክርነት

የዝግመተ ለውጥ ጥናት ለረጅም ዘመን የተመሠረተው በቅሪተ አካልና በአካል ቅርጽ ንጽጽር ላይ ነበር። በሕዋስ ውስጥ የሚገኘው ሞለኪውል ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት አጉልተው ያቀረቡት ኤሚል ዙከርካንድልና ላይነስ ፖሊንግ ናቸው። ፍሬድሪክ ሳንገር በ1977 የዲኤንኤን ፊደላት ቅደም ተከተል የማንበቢያ ዘዴውን ካሳተመ በኋላ ሐሳቡ ደረጃ በደረጃ ወደ ተግባር ተሸጋገረ።

የጥናቱን መሠረት ለመረዳት የብራና መጻሕፍትን ማሰብ ይበቃል። አንድ ቁም ጸሐፊ ሲገለብጥ ፊደል ቢስት፣ ከእርሱ ቅጂ የሚገለበጡት ሁሉ ያንኑ ግድፈት ይወርሳሉ። ስለሆነም ሁለት ብራናዎች ብዙ ግድፈቶችን የሚጋሩ ከሆነ ከአንድ ምንጭ እንደተቀዱ ይታመናል። ጂኖምም እንደዚሁ ነው። ሰው ከእያንዳንዱ ወላጁ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ይወርሳል፤ በየትውልዱም በአሥሮች የሚቆጠሩ አዳዲስ ለውጦች ይታከላሉ። የጋራ ለውጦች ዝምድናን፣ የልዩነቶች ብዛት ደግሞ የመለያየትን ዘመን ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ሕዝቦች ተለያይተው ብቻ አይቀሩም፤ ተመልሰው ይቀላቀላሉ። መቀላቀሉን ለመለየት ደግሞ ከቅልቅሉ በፊት የኖረ ሰው ጂኖም እጅግ ይጠቅማል።

እንዲህ ያለው ምስክር የተገኘው በአገራችን ነው። በ2012 በጋሞ ደጋ፣ ሞታ በተባለው ዋሻ ውስጥ ከ4,500 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረ ወንድ አፅም ተገኘ። የሐሩር ምድር ሙቀት ዲኤንኤን በቶሎ ስለሚያፈርስ ከአፍሪካ ጥንታዊ ጂኖም ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። የደጋው ቅዝቃዜና በውስጠኛው ጆሮ ዙሪያ ያለው የራስ ቅል አጥንት ጥንካሬ ግን ዲኤንኤውን ጠብቀውት ቆይተዋል። ውጤቱ በ2015 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲታተም፣ ከዛሬዎቹ ሕዝቦች መካከል ለዚህ ሰው እጅግ የሚቀርቡት አሪዎች መሆናቸው ታወቀ። ከእርሱ ዘመን በኋላ ከምዕራብ ዩራስያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባ የሕዝብ ፍልሰት እንደነበረም ተረጋገጠ።

ሆኖም ጽሑፉ ከዚህ አልፎ የፍልሰቱ አሻራ በመላው አፍሪካ እንደተዳረሰ፣ በምዕራብ አፍሪካ ዮሩባዎችና በኮንጎ ደን ምቡቲዎች ዘንድ እንኳ እስከ 7 በመቶ እንደሚደርስ ገልጾ ነበር። ፖንቱስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ መረጃውን እንደገና ሲመረምሩ ግን ይህን ድምዳሜ አላገኙትም። ምክንያቱ ሲጣራ፣ መረጃው ከአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲዛወር አስፈላጊ የሆነ አንድ እርምጃ መዘለሉ ታወቀ። በዚህም የሞታው ሰው ከመነጻጸሪያው ጂኖም ጋር ፍጹም የሚመሳሰልባቸው ብዙ ነጥቦች ከስሌቱ ወጥተው ነበር። ሰውየው ከእውነቱ ይልቅ የተለየ መስሎ በመታየቱ፣ ሌሎቹ አፍሪካውያን ወደ ዩራስያ የቀረቡ መሰሉ። አዘጋጆቹ በ2016 መጀመሪያ ስሕተቱን በይፋ አረሙ፤ የምሥራቅ አፍሪካው ውጤት ጸና፣ የመላው አፍሪካው ተሰረዘ።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የጂኖም ጥናት ስለ ሕዝቦች አመጣጥ ይናገራልና፣ ቃሉ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በትምህርት ቤትና በአደባባይ ይሠራበታል። ከጂኖሙ ፊደላት ጋር የስሌቱም መንገድ አብሮ ሊመረመር ይገባል። እርማቱ በወራት ውስጥ ሊደርስ የቻለው መረጃው በሌሎች እጅ ገብቶ ዳግመኛ ስለተሰላ ነው። አፅሙ ከምድራችን በወጣ ጊዜ ስሌቱን መልሰው የሚያሰሉ ባለሙያዎችም ከመካከላችን ይበዙ ዘንድ ማሠልጠን የማኅበራችን ተግባር ሊሆን ይገባል።