የሠላሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሳሎን

ጀሞ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን የምግብ ጠረጴዛው ከተወረረ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ወራሪዎቹ እኔና የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ነን። የጫማ ካርቶን፣ ቪናቪል፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሠፈራችን ካለው ጣውላ ቤት የለመንነው የኮምፔርሳቶ ቁርጥራጭ ተከምሮበታል። እራት የምንበላው ሰሃን በጉልበታችን ይዘን ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር "አባትየውም ልጅ ሆኖብኛል" ትላለች።

ነገሩን የጀመረችው ልጄ ናት። የፀሐይን ቤት አሳንሳ በካርቶን መሥራት አማራት። ፀሐይ ማለቴ "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የሚለው ፕሮግራም ላይ ያለችው የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ናት። እኔም እልህ ያዘኝና "እንግዲያው እኔ የአባባ ተስፋዬን ስቱዲዮ እሠራለሁ" አልኩ። አባባ ተስፋዬ ማለቴ በልጅነታችን በቴሌቪዥን ተረት ይነግሩን የነበሩት ናቸው። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ልኬቱንም ወዲያው ወሰንኩ፤ አንድ ለአሥራ ሁለት፤ አንድ ሜትር የነበረው ስምንት ሳንቲ ሜትር ከምናምን ይሆናል።

እርሳስ አንስቼ ወረቀት ላይ ላሰፍር ስል ግን እጄ ቆመ። ስቱዲዮው ምን ይመስል ነበር?

ታላቅ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። "መጋረጃ ነበር፤ ከኋላቸው መጋረጃ ተዘርግቶ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው" አለኝ። እህቴ ጋ ስደውል ደግሞ "ምን መጋረጃ! የተሳለ አበባ ነበር እንጂ" ብላ ማለች። አበባው ከየት እንደመጣባት እገምታለሁ፤ "ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" የሚለው ሰላምታ ነው በአእምሮዋ ግድግዳ ላይ የሳለው። እኔ የማስታውሰው ፊታቸውን ብቻ ነው። ፊታቸውንና ድምፃቸውን። ሰውየው ሲናገሩ ከኋላቸው ያለውን ነገር ለማየት ጊዜ የነበረው ልጅ ያለ አይመስለኝም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ቀን፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ስቱዲዮው ፒያሳ፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት በነደፈው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥርጭቱ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለም የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በ1977 መባቻ ሲያከብር ነው። እንግዲህ እህቴ አለ የምትለው አበባ ቢኖር እንኳ እኛ ዘንድ የደረሰው ግራጫ ሆኖ ነው፤ እሷ ግን ቀይ ነበር ትላለች።

አባባ ተስፋዬ፣ በሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ ካሜራ ፊት የተቀመጡት በመድረክ ላይ ከበሰሉ በኋላ ነው። በ1915 ዓ.ም. ባሌ ተወለዱ። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር በነበረበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ድረስ ሄደው ወታደሩን አዝናንተዋል። ከዚያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተውነዋል። ይዘምራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ምትሐት ያሳያሉ። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት የልጆችን ክፍለ ጊዜ ያዙ፤ ከአርባ ዓመት በላይም አልለቀቁትም። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ የልጆች ሰዓት ሲደርስ ግን እኒያው ሰው ናቸው። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ አያትም፣ አባትም፣ ልጅም "አባባ" ብሎ ነው ያለቀሰላቸው።

እኒህ ሰው መድረክ አዋቂ ናቸው። የመድረክ ማስጌጫ ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ተረቱን ግን በድምፃቸው፣ በዓይናቸውና በቅንድባቸው ነው ያቆሙት። ጅቡም፣ ጦጣዋም፣ ንጉሡም ከዚያ አንድ ፊት ነው የሚወጡት። እሱን በኮምፔርሳቶ እንዴት አድርጌ ልሥራ?

ሌላው ዓለም በዚህ አይቸገርም። አሜሪካዊው ፍሬድ ሮጀርስ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለመላ አገሩ ያቀረበው የልጆች ፕሮግራም ሲከፈት ካሜራው የሚያልፈው በአንድ ትንሽ የሠፈር ሞዴል ላይ ነበር፤ ቤቶቹም መኪኖቹም መጫወቻ ናቸው። በዓመቱ የተጀመረው ሰሳሚ ስትሪት ደግሞ በሩ ላይ 123 የተጻፈበት ሕንፃ አለው፤ የሌጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 በ1,367 ቁርጥራጭ አድርጎ ሸጦታል። ገዝቶ መገጣጠም ነው። የእኛው አባባ ግን የሚገጣጠም ነገር አልተዉልንም።

ልጄ በዚህ በኩል ታድላለች። ፀሐይ ገና ከጅምሯ በእጅ የተሠራች ናት። ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፤ ከአሜሪካዊው ባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሀውዘር ጋር ሆነው አሻንጉሊቱንም፣ ዓለሟንም ራሳቸው ሠሩ፤ ሥራውን የጀመሩትም በገዛ ቤታቸው ነው። ፕሮግራሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በጃፓንና በጀርመን የልጆችና የትምህርት ፕሮግራሞች በሚወዳደሩባቸው መድረኮች ተሸለመ። ስለዚህ ልጄ የፀሐይን ቤት በካርቶን ስትሠራ እነሱ የሠሩትን ነው የምትደግመው። ሥራዋም በሦስት ቀን አለቀ። ከዚያ አገጯን በእጇ ደግፋ እኔን ታየኝ ጀመር።

"አባዬ፣ አንተ ግን እሳቸውን የት ሆነህ ነበር የምታያቸው?" አለችኝ።

ጥያቄው ይሄ ነበር ለካ። ወረቀቱን ገለበጥኩና በጀርባው የጎረቤታችንን የእትዬን ሳሎን መሣል ጀመርኩ።

እኛ ያደግነው መካኒሳ ነው፤ በ1970ዎቹ። በመንደሩ ቴሌቪዥን የነበራት እትዬ ብቻ ነበረች። ሳሎኗ በግምት ሦስት በአራት ሜትር ነው። በልኬቴ ሃያ አምስት በሠላሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር መጣ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ የካርቶኑን ጠርዝ በጀሶ አጎበጥኩት፤ የጭቃ ቤት ማዕዘን ቀጥ ብሎ አያውቅም። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ ከአሮጌ ሸሚዝ ቀደድኩለት። መሐሉ ትንሽ መርገብ አለበት፤ አይጥ ስትሮጥበት የምትታየውም እዚያ ላይ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ባለ አራት እግር፣ ባለ መዝጊያ ሣጥን ነው። መዝጊያው ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ እትዬ አንገት ላይ ነው። ሣጥኑ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ሞዴሌ ላይ ቴሌቪዥኑ አምስት ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ዳንቴሉን ባለቤቴ በመርፌ ሠራችው፤ እሷም በዚህ ገባችበት ማለት ነው። ዳንቴሉ ሲደርስ አባባ ተስፋዬ ስክሪኑ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር አከሉ። ፎቷቸውን አሳንሼ አትሜ ለጠፍኩት። ከዚያ ጥፍር ፊት ለፊት ነው ሠፈር ሁሉ የሚቀመጠው።

ወደ ሳሎኑ ለመግባት ሕግ አለ። መጀመሪያ እግር መታጠብ። ቦኖው ጋ ተሰልፈን በቁርጭምጭሚታችን ላይ ያለውን ጭቃ በድንጋይ እንፈገፍጋለን። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ታያለች፤ ያልታጠበ ተመላሽ ነው። ጫማ ያለው ጫማውን በረንዳ ላይ ይተዋል። አንዳንድ ቤት አምስት ሳንቲም፣ አሥር ሳንቲም ያስከፍሉ ነበር፤ እትዬ ግን ገንዘብ አልተቀበለችንም፤ ክፍያው ውኃ መቅዳትና ሱቅ መላላክ ነው። ወንበሩ የትልልቅ ሰው ነው። እኛ መሬት ላይ፣ ሰሌን ላይ፣ ትንንሾቹ ከፊት። ቦታ ያልደረሰው በመስኮት።

ልጆቹን ከሽቦና ከሶፍት ወረቀት ሠራናቸው። የተቀመጠ ልጅ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። አሥራ ሰባት ሠርተን ስናስቀምጣቸው ሳሎኑ ሞላ። ልጄ "እንዲህ አይሆንም፣ እንዴት ይተነፍሳሉ?" አለች። እኔ ስድስት ጨመርኩበት።

አንቴናው ብቻ አንድ ቅዳሜ በላ። ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ምሰሶው ላይ የአልሙኒየም ዘንግ። ነፋስ ሲነሳ ምስሉ ይዘላል፤ ያኔ ከመሐላችን አንዱ ጣሪያ ላይ ይወጣል። "አሁንስ?" "ትንሽ ወደ ግራ!" "አሁንስ?" "ጠፋ! መልሰው!" ምስሉ ሲመጣ ከውስጥ የሚሰማው እልልታ ጣሪያ ላይ ላለው አይጠቅመውም፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ምሰሶውን ይዞ መቆም የሱ ዕጣ ነው። ተረቱን በጆሮው ብቻ የሰማ አንድ ጓደኛ አለኝ። ከሁላችንም አሳምሮ የሚተርተው እሱ ነው። ሞዴሉ ላይ ጣሪያው ላይ የቆመችው ሃያ አራተኛዋ የሽቦ ምስል እሱ ነው።

የክፍለ ከተማችን ስምም የመጣው ከእንዲህ ያለ ምሰሶ ነው። በ1920ዎቹ ጣሊያናዊው የአንሳልዶ ኩባንያ ወደ አቃቂ በሚወስደው በኩል የሬዲዮ ጣቢያ ተከለ። ሰዉ ያለ ሽቦ የሚሄደውን ድምፅ አይቶ "የነፋስ ስልክ" አለው። የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም የተናገሩት ከዚያ ጣቢያ ነው። ቃሉን ያወጣው ሰው ስሙ አልተመዘገበም፤ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ትርጉም ለዋየርለስ ማንም አላመጣለትም። ነፋስ ስልክ ላይ ያደገ ልጅ ደግሞ ነፋሱ ስልኩንም፣ ተረቱንም ይዞ ሲጠፋ በዓይኑ አይቷል።

ሞዴሉ ሲያልቅ ወንድሜና እህቴ መጡ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ለረዥም ጊዜ አየ፤ ስለ መጋረጃው አልተናገረም። በሌባ ጣቱ አንዱን የሽቦ ልጅ ከፊት ረድፍ አንስቶ መስኮቱ ጋ አቆመው። "እኔ እዚህ ነበርኩ" አለ። እህቴ ወጥ ቤት የሚያስገባው በር በቀኝ ነበር አለች፤ እኔ በግራ አድርጌዋለሁ። ተከራከርን። በመጨረሻ እሷ ልክ ሆነች፤ በሩን ቀድጄ ወደ ቀኝ ወሰድኩት፤ የድሮው ቀዳዳ ላይ ካላንደር ለጠፍኩበት።

በሩን ያረመልን አንድ ፎቶ ነው። ያኔ ፎቶ አንሺ ሲመጣ ሰው የሚቆመው ከቴሌቪዥኑ ጎን ነበር፤ እጅ ሣጥኑ ላይ ተደርጎ፣ መዝጊያው ተከፍቶ። እህቴ ከእናታችን አልበም ያወጣችው እትዬ በእንዲህ ዓይነት አቋም የተነሳችውን ነው፤ ከጀርባዋ የወጥ ቤቱ በር ይታያል። ያ ፎቶ ባይኖር በሩ በግራ ነበር ብዬ እሞት ነበር። አንባቢ ሆይ፣ በእናትህ ወይም በአያትሽ አልበም ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ አይጠፋም። የቆሙትን ሰዎች የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ አውጡትና ስማቸውን፣ ሠፈሩንና ዓመተ ምሕረቱን ከጀርባው ጻፉበት። በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል።