«ላውደር» ከ«ሞር ላውድሊ» በፊት

ተማሪ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ከዚህ የበለጠ ጮክ ብለህ ተናገር» ለማለት «ስፒክ ላውደር» ብሎ ቢጽፍ ቀይ እስክሪብቶ ሊያርፍበት ይችላል። የእርማቱ ምክንያት ከሰዋስው መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ግሥን የሚያብራራ ቃል ተውሳከ ግሥ ነው፤ ተውሳከ ግሥ በ«-ሊ» ያበቃል፤ ሲወዳደር «ሞር» ይቀድመዋል፤ ስለዚህ ትክክሉ «ሞር ላውድሊ» ነው። በዚህ እርማት ውስጥ ግን አንድ ያልተመረመረ የታሪክ ግምት አለ። ረጅሙ አባባል የጥንቱ፣ አጭሩ ደግሞ በኋላ ዘመን ምላስ ሰንፎ የቆረጠው ተደርጎ ይታሰባል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥን በራሱ መድረሻ ማወዳደር ነባሩ ሥርዓት ነው፤ «ሞር»ን ከ«-ሊ» ጋር ማጣመር በኋላ የመጣና በ18ኛው መቶ ዘመን በሰዋስው ጸሐፊዎች ድጋፍ የበላይነት ያገኘ ልማድ ነው።

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት ይነገር የነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ከቅጽል ተውሳከ ግሥ የሚያወጣው በአብዛኛው በአንዲት አናባቢ ነበር። «ሄአርድ» ጠንካራ ማለት ነው፤ መጨረሻው ላይ «ኤ» ተጨምሮ «ሄአርዴ» ሲባል «በጥንካሬ» ይሆናል። ሲወዳደሩም መንገዳቸው ይለያይ ነበር፤ ቅጽሉ «ሄአርድራ»፣ ተውሳከ ግሡ «ሄአርዶር»። ሰሚው፣ የሚወራው ስለ ሰውየው ይሁን ስለ አሠራሩ፣ ከቃሉ ጅራት ይለየው ነበር። ከ12ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ግን ድምፅ የማይጠብቅባቸው መድረሻዎች እየደከሙ ሄዱ። ያቺ «ኤ» ጠፋች፤ «-ራ»ም «-ኦር»ም ወደ አንድ «-ኧር» ተጠቃለሉ። ዛሬ «ሃርድ»፣ «ፋስት»፣ «ላውድ»፣ «ሎንግ»፣ «ዲፕ» ቅጽልም ተውሳከ ግሥም ሆነው የምናገኛቸው በዚህ ምክንያት ነው። የጠፋባቸው ምልክታቸው እንጂ ሙያቸው አይደለም።

የምልክቱን ክፍተት የሞላው «-ሊ» ነው። ይህ መድረሻ የተገኘው «ሊክ» ከሚል ስም ሲሆን ትርጉሙም አካል ወይም መልክ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ አስተሳሰብ ሩቅ አይደለም፤ «በተሻለ መልኩ» ስንል እኛም መልክን የአደራረግ መግለጫ አድርገነዋል። «ሞር» ደግሞ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከቃላት ፊት እየቆመ ማወዳደርን ለመደ። የፈረንሳይኛና የላቲን ተጽዕኖ ነው ያመጣው የሚሉ አሉ፤ ዘሩ በራሱ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ውስጥ ነበር የሚሉም አሉ። የትኛውም ይሁን፣ አዲሱ መንገድ አሮጌውን አላባረረውም። ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን ኖሩ፤ አንዳንዴም በአንድ ቃል ላይ ተደረቡ። ሼክስፒር በ1599 ገደማ በጻፈው «ጁሊየስ ቄሳር» ውስጥ እንዲህ ያለ ድርብ ማበላለጫ ይገኛል። ጸሐፌ ተውኔቱ ቤን ጆንሰን ከሞተ በኋላ በ1640 በታተመው የሰዋስው መጽሐፉም መደረቡን የቋንቋው ውበት አድርጎ ቆጥሮታል።

ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ያጋደለው ሮበርት ሎውዝ በ1762 የእንግሊዝኛ ሰዋስው መግቢያውን ካሳተመ ወዲህ ነው። ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ይህ ምሁር በግርጌ ማስታወሻዎቹ ሼክስፒርን፣ ሚልተንንና ስዊፍትን ሳይቀር አርሟል። ቅጽልን በተውሳከ ግሥ ቦታ ማስገባትንም፣ ድርብ ማወዳደርንም ከስሕተት መደበ። በአንድ ቦታ ግን ራርቷል። በቀድሞው የመዝሙረ ዳዊት ትርጉም ውስጥ ለእግዚአብሔር የተሰጠውን፣ «ልዑል»ን በድርብ የሚያበላልጥ ስያሜ፣ ከልዑላን በላይ ለሆነው የሚገባ ነው ብሎ አለፈው። ይህ ርኅራኄ ብዙ ይናገራል። ሕጉ ከቋንቋው ባሕርይ የተቀዳ ቢሆን ኖሮ ለአንዱ የሚፈቀድ ለሌላው የሚከለከል ባልሆነ ነበር። ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1795፣ በፔንሲልቬኒያ ተወልዶ በእንግሊዟ ዮርክ አጠገብ የኖረው ሊንድሊ መሪ ከሎውዝ ብዙ ወስዶ ለተማሪዎች የሚሆን ሰዋስው አዘጋጀ። መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ፤ አንድ ምሁር ያቀረበው ምርጫም በየትምህርት ቤቱ እንደ ሕግ ተነበበ።

አሮጌው ሥርዓት የት እንደቀረ ለማየት ሰው በየቀኑ የሚላቸውን አባባሎች መፈልፈል ይበቃል። «ራዘር»ን እንውሰድ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «አይ ዉድ ራዘር ስቴይ» ሲል «መቅረት ይሻለኛል» ማለቱ ነው። ቃሉ ግን «ፈጥኖ» ይል ከነበረ ተውሳከ ግሥ የወጣ ማወዳደሪያ ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ «ይበልጥ ፈጥኖ» ነበር። ልቤ ፈጥኖ የሚሮጠው ወደዚህ ነው እንደማለት ነው። እኛ በዚሁ ቦታ የምናስገባው «ይልቅ» ከ«ላቀ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ እነርሱ ምርጫን በፍጥነት ለኩት፣ እኛ በመላቅ። «ኒር»ም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ «ቅርብ» ይበል እንጂ ጥንት ራሱ ማወዳደሪያ ነበር፤ «ይበልጥ ቅርብ» ማለት ነው። ስለዚህ ማንም የማይነቅፈው «ኒረር» ሁለት ጊዜ የተወዳደረ ቃል ነው። «ዘ ሱነር ዘ ቤተር» በሚለው ውስጥ ያለው «ዘ» ደግሞ ስምን የሚወስነው አይደለም። «በዚያ መጠን» ይል የነበረ የጥንት አመልካች ቃል ቅሪት ነው። አማርኛውም «በቶሎ በሆነ መጠን የተሻለ ይሆናል» ሲል ያንኑ መጠን ይጠራል። ለማወዳደር የሚያገለግለው «ዛን» እንኳ «ከዚያ» ከሚለው «ዜን» ጋር ድሮ አንድ ቃል ነበር፤ የተለያዩት በአጻጻፍ ሲሆን እሱም ቆይቶ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ጠንካራ ነው። የቃል የዘር ሐረግ ለዛሬ አጠቃቀም ማስረጃ አይሆንም፤ ጥንት ይባል የነበረ ሁሉ ዛሬ አይባልም። እውነት ነው። «ኬርፉሊ»ን በ«-ኧር» ላወዳድር የሚል ዛሬ ተቀባይ የለውም፤ ረጃጅሞቹ ባለ «-ሊ» ቃላት «ሞር»ን ይዘው ጸንተዋል። አጫጭሮቹም ሁሉ የጥንት ልጆች አይደሉም። «ኩዊክ» በጥንቱ ቋንቋ «ሕያው» ማለት ነበር፤ «በፍጥነት» የሚለውን ሥራ የያዘው ከጊዜ በኋላ፣ የወንድሞቹን አርአያ ተከትሎ ነው። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል። የሞተ ሥርዓት አዲስ ቃል አይወልድም፤ «ኩዊከር» ተውሳከ ግሥ መሆን የቻለው አሮጌው መንገድ ሕይወት ስለነበረው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመማሪያ ክፍል ይመጣል። ቋንቋውን በትምህርት ብቻ ለሚያገኘው ልጅ አንድ ሕግ ከሁለት ይቀለዋል ይባላል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ «ሞር ኩዊክሊ» ከ«ይበልጥ በፍጥነት» ጋር ቃል በቃል ስለሚገጥም የበለጠ ይመቸዋል። ምቾቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። «-ሊ» ሁልጊዜ፣ «ሞር» ሁልጊዜ ብሎ የተማረ ልጅ «ሞር ፋስትሊ» ብሎ ቢጽፍ የተማረውን ሕግ በታማኝነት መፈጸሙ ነው፤ ቃሉ ግን በሥራ ላይ ያለ ቃል አይደለም። ከዚያ የከፋም አለ። «ከእሱ የበለጠ በትጋት ሠራች» ለማለት «ሃርድሊ»ን ካስገባ፣ ቃሉ ዛሬ «እምብዛም» ማለት ስለሆነ፣ ትጉዋን ሴት ሥራ ያልነካች ያደርጋታል። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ እንዲህ ያለው ስሕተት በቋንቋው ክፍለ ጊዜ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ባዮሎጂውም ወደ ታሪኩም ይዞት ይሄዳል። መምህሩ ለመደበኛ ጽሑፍ «ሞር ስሎውሊ» እንደሚመረጥ ቢያስተምር ልክ ነው፤ ይህ የአገባብና የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። «ስሎወር»ን ከቋንቋው ውጪ የሆነ ጥፋት አድርጎ ማቅረብ ግን የተለየ ነገር ነው፤ ታሪኩ አይደግፈውም።

ሕጉ ራሱ ያላያት አንዲት ቃል በየሰዓቱ በሁሉም አፍ ትመላለሳለች፤ «ኧርሊየር»። «ኧርሊ» የተሠራው «አስቀድሞ» ይል ከነበረ ቃልና ከዚያው «-ሊ» ሲሆን፣ ያ ቃል በመነሻው ራሱ ማወዳደሪያ ነበር። በላዩ «-ሊ» ተጨመረበት፤ በ«-ሊ»ው ላይ ደግሞ «-ኧር» መጣ። «ሞር ኧርሊ» በሉ ብሎ በቀይ የሚያሰምርባት መምህር የለም።