የዲከረንስ ከሰል

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም አዲስ ቅዳም ከተማ በምትገኝበት ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከአካሺያ ዲከረንስ ዛፍ የሚመረት ከሰል። የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ ሳይሆን ዛፉ በማሳ ተተክሎ የሚገኝ መሆኑ ልዩ ያደርገዋል። ዛፉ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው፤ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያሳድገውና በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ይቆርጠዋል። ግንዱ ተከምሮ በሣርና በአፈር ይደፈናል፤ አየር ስለሚያጥረው ሳይነድ ይከስላል። ነጩ ጭስ ሳስቶ ሰማያዊ ሲመስል ክምሩ ደርሷል ማለት ነው። ምርቱ በጆንያ ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ይህን የመሰለ ካርቦን ለምድጃ ብቻ መዋሉ ያስቆጫል። የእንጨት ከሰል ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ተደባልቆ ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ አየር ሲሞቅ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያወጣል፤ የ1 ግራሙ ገጽ ስፋት ከ1,000 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ሱፐርካፓሲተር የተባለው የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ሙሉን የሚያጠራቅመው በዚህ ገጽ ላይ ነው። የፕላስቲክ ቆሻሻም ለዚሁ ሥራ ይሞከራል። የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት የተባለው ፕላስቲክ ያለ አየር ሲሞቅ ጥቂት ከሰል ይተዋል፤ ፌስታል ግን ቀልጦ ከሞላ ጎደል ጋዝ ሆኖ ስለሚያልቅ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በሰልፈሪክ አሲድ ይዘጋጃል።