እፍኙና ጆንያው፦ የተሽከርካሪ ጥራት ጥናት ምን ያህል ይታመናል?

በደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍ የሚሸምት ሰው ጆንያውን ዘርግፎ አይመረምርም። እፍኝ ዘግኖ፣ በመዳፉ አሽቶ፣ እፍ ብሎ ገለባውንና አፈሩን ይለያል፤ በዚያችው እፍኝ ስለ ጆንያው ሁሉ ይፈርዳል። ልምድ ያለው ሸማች ግን ከጆንያው አፍ ብቻ አይዘግንም። ሻጩ ንጹሑን ከላይ፣ አፈር ያለበትን ከታች ሊያደርግ እንደሚችል ያውቃልና እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ከመካከል ያወጣል። የናሙና ጥናት ሳይንስ ከዚህ ብልሃት ብዙ የራቀ አይደለም። የእፍኙ መጠን ዋጋ ቢኖረውም አስቀድሞ የሚጠየቀው እፍኙ ከየት እንደ ተዘገነ ነው።

ስለ ተሽከርካሪ ጥራት በየዓመቱ በውጭ አገር ለሚታተሙት የደረጃ ሠንጠረዦችም የሚቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄው ለኢትዮጵያ ከሩቅ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በታወቀ ጊዜ፣ ገዢው ከሾፌርና ከመካኒክ ሲያገኝ የኖረው የብዙ ዓመታት ምስክርነት ለአዲሱ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ገና አልተጠራቀመም ነበር። ምስክር በሌለበት ጊዜ ደግሞ የታተመ አኃዝ ከሚገባው በላይ ይከበራል።

ይሁን እንጂ ነባሩ ምስክርነትም ቢሆን እንከን አልነበረበትም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወደ ዓባይ ወርዶ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬንን፣ አቀበቱ ሞተርን የሚፈትን በመሆኑ ኮፈኑን ከፍቶ ዳር የቆመ መኪና ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን ያየ መንገደኛ የዚያን ሥሪት ስም በክፉ ይይዛል፤ ዳሩ ግን የቆመውን እንጂ ያለ ችግር ያለፈውን አልቆጠረም። ለምሳሌ ከአንዱ ሥሪት 1,000 መኪናዎች አልፈው 20 ቢበላሹ፣ ከሌላው ደግሞ 50 አልፈው 3 ቢበላሹ፣ መንገደኛው የሚያማው የመጀመሪያውን ነው። በመቶኛ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 2፣ የሁለተኛው 6 ይሆናል። የጋራዥ ባለሙያም ምስክርነት እንዲሁ ነው፤ ወደ እርሱ የሚመጣው የታመመው እንጂ ጤነኛው አይደለም።

ብዙ መጠየቅ ብቻውን እውነትን እንደማያስገኝ ዓለም የተማረው፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ የመኪና ባለቤቶች ስም ዝርዝር በገባበት አንድ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ውጤት ለመተንበይ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ መጠይቆችን ላከ። አድራሻዎቹን ያገኘው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ መዝገብ ነበር። ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ መልሶች ተመለሱለትና ላንደን ሩዝቬልትን እንደሚያሸንፉ አስታወቀ። ሩዝቬልት ግን ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። በዚያው ጊዜ ጆርጅ ጋሎፕ ከዚያ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተንብዮ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሰው ከድኻው የተለየ ነበር። ከዚህም በላይ፣ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት፣ መጠይቁን ሞልተው የመለሱት ዝም ካሉት ጋር በአሳብ አንድ አልነበሩም። ስለሆነም መጽሔቱን የጣለው የናሙናው ማነስ ሳይሆን የዝርዝሩና የመላሾቹ አድልዎ ነው።

የተሽከርካሪ ጥራት ጥናት በሰፊው የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ጄ.ዲ. ፓወር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአዲስ መኪና ገዢዎችን ስለ መጀመሪያዎቹ 90 ቀናት እየጠየቀ ውጤቱን በ100 መኪና ስንት ችግር እንደ ተገኘ ይገልጻል። ኮንስዩመር ሪፖርትስ ደግሞ የራሱን አባላት ይጠይቃል። ሁለቱም ብዙ ሺህ መልስ ይሰበስባሉ፤ ሆኖም የመጀመሪያው አኃዝ ሞተር የቆመበትንም ሆነ የእጅ ስልኩ ከመኪናው ሬዲዮ ጋር አልገናኝ ያለውን እኩል እንደ አንድ ችግር ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ደግሞ አባል ያልሆነውን ሰው አያውቀውም። የ90 ቀን ምስክርነትም መኪናው ዐሥር ዓመት በጠጠር መንገድ ላይ ሲሠራ ምን እንደሚሆን አይናገርም።

የናሙናው መጠን የሚመዘነው ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ ነው። በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች የሚሰጡት የመቶኛ ውጤት ወደ 5 ነጥብ የሚደርስ የስሕተት ወሰን አለው። ይህን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናው አራት እጥፍ አድጎ 1,600 መድረስ አለበት። የጥናቱ ጠቅላላ ናሙና በብዙ ሺህ ቢቆጠርም ለየሥሪቱና ለየሞዴሉ ሲከፋፈል ለአንዱ የሚደርሰው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ከአንድ ሥሪት 100 ባለቤቶች ተጠይቀው 90 ችግር ቢመዘገብ፣ ይህ አኃዝ በዕድል ብቻ እስከ 20 ገደማ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዋዥቅ ይችላል። ስለዚህ 80 ያገኘውን ሥሪት 90 ካገኘው ይበልጣል ብሎ መፍረድ አይቻልም። 2,500 ባለቤቶች ቢጠየቁ ግን ውዥቀቱ ወደ 4 ዝቅ ስለሚል ልዩነቱ ትርጉም ያገኛል። የደረጃ ሠንጠረዥ ይህን ሳይገልጽ 7ኛውን ከ8ኛው ሲያበላልጥ አንባቢውን ያሳስታል።

ከመጠንም ከዝርዝርም ሌላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም የተጠየቀው ሰው እውነቱን ለመናገር ምክንያት አለውን የሚል ነው። ጎጃም ይህን ጥያቄ በከባድ ዋጋ ታውቀዋለች። በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የማዕከላዊ ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት በየጠቅላይ ግዛቱ የናሙና ጥናት ሲያካሂድ ጎጃምም ከተጠኑት አንዷ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ፣ ዐሥራት ቀርቶ ግብሩ በምርት ግምት እንዲጣል አዘዘ። ርስቱን በቃላድ ሳያስለካ የኖረው ገበሬ የገማቾቹን መምጣት የርስቱ መለካትና መነጠቅ መጀመሪያ አድርጎ ተመለከተው። የጦር መሣሪያ ምዝገባና በአስተዳደሩ ላይ የነበረው ቅሬታ ተጨምሮበት በሞጣ፣ በዳሞትና በሌሎችም ወረዳዎች እምቢታው ወደ ትጥቅ አመፅ ተለወጠ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ፤ ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻም አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥፍራው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። አኃዙ ለምን እንደሚፈለግ በማያምን ሕዝብ ፊት የገማቹ ቁጥር ቢበዛ የግምቱ እውነት አይጨምርም።

የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በኋላ ለሰብል ምርት የያዘው ዘዴ ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ ያሳያል። የገበሬውን ቃል ብቻ ከመቀበል ይልቅ በዕጣ በተመረጠ ማሳ ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር ቦታ ከልሎ፣ አጭዶና ወቅቶ ይመዝናል። በተሽከርካሪም ረገድ ይህን የመሰለ አሠራር አለ። የጀርመን የአውቶሞቢል ክበብ ባለቤቶችን አስተያየት ከመጠየቅ ይልቅ መካኒኮቹ በመንገድ ላይ የረዷቸውን ብልሽቶች ቆጥሮ ከተመዘገቡት መኪናዎች ብዛት ጋር ያነጻጽራል። በዓባይ ሸለቆ የቆመውን ብቻ ያየው መንገደኛ የጎደለው ይህ ማነጻጸሪያ ነበር።

በኢትዮጵያ ማንኛውም ተሽከርካሪ ቦሎ ለማግኘት በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋል። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላው ከተማ ምርመራው ጤነኛውንም የታመመውንም እኩል የሚያይ በመሆኑ፣ የምርመራው ውጤት በሥሪት፣ በዕድሜና በተጓዘው ኪሎ ሜትር ተለይቶ ቢጠናቀር ከውጭ ሠንጠረዥ ይልቅ ለአገሩ መንገድ የቀረበ ምስክር ይሆናል። ይህ ግን የሚሠምረው መርማሪው ያየውን ሲጽፍና ባለ መኪናውም መዝገቡ ለምን እንደሚውል አምኖ ሲቀርብ ነው። እስከዚያው ድረስ የታተመ አኃዝ የሚደርሰው ባለሙያ እንደ ጤፍ ሸማቹ ይሁን፤ ስንት ተጠየቀ ከማለቱ በፊት እፍኙ ከጆንያው አፍ ነው ከመካከሉ ብሎ ይጠይቅ።