በቀን የ11 ሳንቲም ማዕድ

ለአንድ ሰው የዕለት ምግብ ቢያንስ ስንት ገንዘብ ይበቃዋል? ይህን ጥያቄ አሜሪካዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1945 በስሌት መረመረው። ከ77 የምግብ ዓይነቶች የስንዴ ዱቄት፥ የቆርቆሮ ወተት፥ ጥቅል ጎመን፥ ስፒናችና የደረቀ ቦሎቄ ብቻ መረጠ። ዋጋቸው በ1939 ገበያ በዓመት 39.93 ዶላር፥ ማለት በቀን 11 ሳንቲም ያህል ነበር። በ1947 ስሌቱ በዳንትዚግ ዘዴ ቢደገም የተገኘው ቅናሽ በዓመት 24 ሳንቲም ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ የምግብ ባለሙያዎች «ርካሽ» ያሉት ማዕድ ከዚህ እጥፍ በላይ ያስወጣ ነበር። ስቲግለርም የራሱን ማዕድ ለማንም አልመከረም፤ ጣዕምና ልማድ በስሌቱ አልገቡምና። እንግዲህ በእኛ አስተያየት፥ ለድኃ የምግብ በጀት የሚቈርጥ ሰው የሰውነትን ፍላጎት ብቻ ሳይሆን የገበታን ወግም አብሮ ሊቈጥር ይገባዋል።