በእግር ውስጥ የገባው የአናጢ መጋጠሚያ

ልደታ ክፍለ ከተማ ባለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞች የአጥንት ቀዶ ሕክምና ይማራሉ። የሙያው መሣሪያዎች መጋዝ፣ መሮ፣ መሰርሰሪያና ብሎን ናቸው። ምህንድስና ለተማርኩት ለእኔ አናጢ ቤት ነው የሚመስለኝ። ዝምድናው ግን በመሣሪያ ብቻ አያበቃም፤ የቡኒየን ሕክምና ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል።

ቡኒየን ከእግር አውራ ጣት ሥር፣ በውስጠኛው ጎን የሚወጣው ጉብታ ነው። ብዙ ሰው አዲስ አጥንት የበቀለ ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን ነገሩ ማዘንበል ነው፦ ጣቱ ወደ ሌሎቹ ጣቶች ሲጋደም፣ ከኋላው ያለው ረጅም አጥንት በተቃራኒው ወጣ ይላል። ጉብታው የዚያ አጥንት ጫፍ ነው።

ዘር አለበት፤ ጫማም አለበት። በእንግሊዟ ካምብሪጅ የጥንት አጽሞችን የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳተሙት፣ ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ከኖሩት 6 በመቶው፣ በ14ኛውና በ15ኛው ከኖሩት ግን 27 በመቶው ይህ ችግር ነበረባቸው። በመሃል ምን መጣ? ጫፉ የሾለ ጫማ ፋሽን ሆነ።

ጉብታውን ብቻ መቁረጥ ቀላል ነው፤ ያዘነበለው አጥንት ግን እንዳለ ስለሚቀር ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1881 የጄኔቫው ሬቨርዲን ከአጥንቱ ጫፍ አጠገብ ሽብልቅ ቆርጦ አወጣና ጣቱን አቀና። ራጅ የተገኘው በ1895 ነው፤ ሰውዬው ውስጡን ሳያይ ነው ማዕዘን ያስተካከለው! በ1904 አሜሪካዊው ኬለር የጣቱን አጥንት መነሻ ቆርጦ ማውጣትን አስተዋወቀ። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ጣቱ ግን ያጥራል፣ መሬት የመግፋት ጉልበቱም ይደክማል። ላፒደስ ደግሞ በ1934 ወደ ኋላ ሄዶ፣ የረጅሙን አጥንት መነሻ ከጎረቤቱ አጥንት ጋር አንድ ማድረግን አስፋፋ።

እኔን የሚጥመኝ ግን ስካርፍ ነው። የአንገት ልብስ እንዳይመስላችሁ፤ አናጢዎች ሁለት እንጨት ጫፍ ለጫፍ የሚቀጥሉበት መጋጠሚያ ስም ነው። ረጅሙ አጥንት በዜድ ቅርጽ በቁመቱ ይሰነጠቃል፣ የታችኛው ክፍል ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ጎን ይገፋል፣ ከዚያ በትንንሽ ብሎኖች ይታሰራል። ሁለቱ ክፍሎች የሚነካኩበት ገጽ ረጅም ስለሆነ ክብደት ሲያርፍበት በቀላሉ አይላቀቅም። ሃሳቡ በ1926 ቢጻፍም የተስፋፋው በ1990ዎቹ ነው።

ዛሬ ምርጫው በማዕዘኑ ይወሰናል። ለቀላሉ ከአጥንቱ ጫፍ አጠገብ የቪ ቅርጽ ቁርጥ ሊበቃ ይችላል፤ በጣም ለተጋደመው ወይም መነሻው ለላላው የላፒደስ መንገድ ይታሰባል። የማያምን ጉብታ ለመልክ ብቻ መቁረጥ ግን አይመከርም፤ የሚያመውም ቢሆን መጀመሪያ የሚሞከረው ሰፊ ጫማ ነው። ራጁ ደግሞ የሚነሳው ታማሚው ቆሞ ነው፤ ተኝቶ ከተነሳ የሰውነት ክብደት ስለማያርፍበት አጥንቱ ከእውነቱ ይልቅ የቀና ሊመስል ይችላል።