የግዕዝ ፊደልና ያለፉት ዊንዶውሶች

በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1632–1667) በጎንደር የተጻፈ ብራና ዛሬም ቢሆን ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ገልጦ የሚያነበው ነው። በዚያችው ከተማ፣ አራዳን በመሳሰሉ ሠፈሮች ከሠላሳ ዓመት ወዲህ በኮምፒውተር ተጽፎ በዲስኬት የተቀመጠ ውል ወይም አቤቱታ ግን ዛሬ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይገኛል።

ምክንያቱ ከቁጥር ይጀምራል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ሥርዓተ ነጥቡና 20ዎቹ አኃዞች ሲታከሉበት በዚያን ዘመን ፎንት ውስጥ ከነበሩት 256 ቦታዎች ያልፋሉ። ከነዚህም 32ቱ ለመቆጣጠሪያ ትእዛዛት የተያዙ ነበሩ። ስለዚህ የፕሮግራም ሠሪዎቹ ፊደሉን በላቲኑ ቦታ ላይ አሰፈሩት፤ አንዳንዶቹም በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት። አደላደሉ እንደየሠሪው የተለያየ በመሆኑ የአንዱን ጽሑፍ ሌላው ሊያነበው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደሉ የጋራ መደብ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። አዲሱ ጽሑፍ ዳነ፤ አሮጌው ግን ባለበት ቀረ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነው ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ይኸውም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚቆም ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው። ሐሳቡ የትናንት አይደለም፤ አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1972 ቪኤም/370 ብሎ ለደንበኞቹ አቅርቦት ነበር። የሚያከራክረው በውስጡ የትኛው ዊንዶውስ ይጫን የሚለው ነው።

አዲሱን መምረጥ ብዙም አይጠቅምም፤ ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ የድሮዎቹን ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች ጨርሶ አያስነሣም። ዊንዶውስ 98 የፕሮግራሞቹ የዘመን ጓደኛ ቢሆንም ከ512 ሜጋባይት በላይ ሜሞሪ ሲሰጠው ይታወካል፤ ቨርቹዋልቦክስም የእንግዳ ድራይቨሮችን አላዘጋጀለትም። እንግዲህ ባለሙያው ማሽኑን ሆን ብሎ ድኻ ማድረግ ግድ ይለዋል! ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ባለ 16 ቢቶቹን ያስተናግዳል፤ ፋይል መለዋወጡም ይቀላል። ነገር ግን ሃርድዌሩን በቀጥታ ለማዘዝ የሚሹትን የዶስ ፕሮግራሞች አይፈቅድም። የአምራቹ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ስለተቋረጠ ከኢንተርኔት ተለይቶ መሥራት አለበት። ስለሆነም በኤክስፒ መጀመር ይሻላል፤ 98 እምቢ ላሉት ይቆያል።

ይሁንና ጽሑፉ መታየቱ ብቻውን በቂ አይደለም። በፒዲኤፍ ቢታተም መልኩ ይጠበቃል እንጂ ቃሉን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ለዚህ ፊደል በፊደል ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ ያስፈልጋል። በሁለት ፎንት የተከፈለ ጽሑፍ ደግሞ ያለ ፎንት ስም፣ በተራ ጽሑፍነት ተቀምጦ ከሆነ አንዱ ቁጥር ለሁለት ፊደላት ስለሚቆም የትኛው እንደነበር የሚለይ ማሽን የለም። ያን ጊዜ አማርኛ ዐዋቂ ሰው ተቀምጦ ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ እየገመተ መልቀም ይኖርበታል።